የኤሌክትሪክ መኪናን በትራፊክ መብራት ላይ አቁሞ ስለመያዝ

ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሆኖም ከአሽከርካሪዎቹ ብዙዎቹ መንዳት የተማሩት በፍሪሲዮንና በማርሽ በመሆኑ፣ ቀይ መብራት ሲይዛቸው እጅና እግራቸው የሚሄደው ወደ ለመዱት ነው። ሜዳ ላይ ዜሮ ማርሽ ያስገባሉ፤ ዳገት ላይ ደግሞ በፍሪሲዮንና በነዳጅ አመጣጥነው ያንጠለጥሉት እንደነበረው ሁሉ፣ አዲሱንም መኪና የነዳጅ መስጫውን ፔዳል በስሱ ረግጠው ሊይዙት ይሞክራሉ። የመጀመሪያው ጥቅም የሌለው ድካም ነው፤ ሁለተኛው ግን መኪናውን ይጎዳል።

ሊያዝ የሚገባው ደንብ አንድ ነው፤ የቆመን መኪና መያዝ ያለበት ፍሬን እንጂ ሞተር አይደለም። ስለዚህ እግርዎን ከፍሬን ከማንሳትዎ በፊት፣ በዚያች ቅጽበት መኪናውን የያዘው ምን እንደሆነ ለይተው ማወቅ አለብዎት።

ይህን ለማወቅ በመጀመሪያ የመኪናዎን ጠባይ ይፈትሹ። የኤሌክትሪክ ሞተር መኪናው ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ እንደ ነዳጅ ሞተር በዝግታ እየዞረ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ይሁን እንጂ ብዙ አምራቾች፣ አውቶማቲክ መኪና የለመደ ሰው እንዳይደናገር ሲሉ፣ ማርሹ ዲ (ወደፊት መሄጃው) ላይ ሆኖ ፍሬኑ ሲለቀቅ መኪናው በራሱ ቀስ ብሎ እንዲንፏቀቅ ያደርጉታል። ሰው በሌለበት ለጥ ያለ ቦታ ላይ ማርሹን ዲ ላይ አድርገው ፍሬኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። መኪናው ከተንቀሳቀሰ፣ መብራት ላይ ፍሬኑን በዘነጉት ጊዜም ያለ ድምፅ ወደፊት መሄዱ አይቀርም። በከተማችን መብራቶች ላይ፣ በቆሙ መኪኖች መሃል እየተሽሎከለኩ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡ ልጆች መኖራቸውን ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሞተር ድምፅ የማይሰማበት መኪና ቆሞ ይሁን ሊነሳ ሲል እነርሱ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

ለትራፊክ መብራት የተመቸው መሣሪያ፣ እግርዎን ካነሱ በኋላም ፍሬኑን ይዞ የሚቆየው አውቶ ሆልድ የሚባለው ነው። በቢዋይዲ መኪኖች ላይ ኤቪኤች በሚል ምህፃረ ቃል ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የአሽከርካሪው በር ሲዘጋና የደህንነት ቀበቶው ሲታሰር ነው፤ እነዚህን አሟልተው የአውቶ ሆልዱን ቁልፍ ይጫኑ፣ ወይም በስክሪኑ ውስጥ ከመኪናው ማስተካከያዎች መካከል ፈልገው ያብሩት። ከቻይና ገበያ በቀጥታ በመጡ መኪኖች ላይ ጽሑፉ በቻይንኛ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የስልክዎን ካሜራ በሚተረጉም መተግበሪያ ታግዘው አንድ ጊዜ ማግኘትና ቦታውን ማስታወስ ይበቃል። ከዚያ በኋላ መብራት ሲይዝዎት እንደ ወትሮው ፍሬን ይዘው ሙሉ በሙሉ ያቁሙ፤ መኪናው ከቆመ በኋላ ፍሬኑን ትንሽ ጠበቅ አድርገው ይርገጡና ዳሽቦርዱ ላይ ምልክቱ መብራቱን ይመልከቱ። በብዙ መኪኖች አረንጓዴ ምልክት ፍሬኑ በአውቶ ሆልድ መያዙን፣ ቀይ ምልክት ደግሞ የእጅ ፍሬኑ መያዙን ያሳያል። ምልክቱን ሳያዩ እግርዎን አያንሱ። አውቶ ሆልድ የሚሠራው በእግርዎ የሰጡትን የፍሬን ዘይት ግፊት በቫልቭ ዘግቶ በማቆየት ነው፤ ቆይታው ሲረዝም፣ ቀበቶ ሲፈታ ወይም በር ሲከፈት ደግሞ በአብዛኞቹ መኪኖች ሥራውን ለኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ያስረክባል። መኪናው በአውቶ ሆልድ በቆመበት ጊዜ የኋላ የፍሬን መብራት በአብዛኛው በርቶ ስለሚቆይ፣ ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ መቆምዎን ያያል።

አውቶ ሆልድን ከዳገት መነሻ ረዳት ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። የዳገት መነሻ ረዳት የሚባለው፣ እግርዎ ከፍሬን ወደ ነዳጅ መስጫው እስኪሻገር ድረስ ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ይዞ የሚለቅ ነው። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ቆመው ይህን እንደ አውቶ ሆልድ ቢተማመኑበት፣ መኪናው ጥቂት ቆይቶ ከኋላዎ ባለው ሚኒባስ ላይ መንሸራተት ይጀምራል።

ዳገት ላይ በነዳጅ መስጫው ፔዳል አመጣጥኖ መቆም ለምን እንደሚጎዳ ማስረዳት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ድምፅም ሽታም ስለሌለው ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። ሞተሩ ሲዞር በሦስቱ ጥምጥሞቹ ውስጥ ኤሌክትሪኩ እየተፈራረቀ ስለሚያልፍ ሙቀቱ ይከፋፈላል። ሞተሩ ሳይዞር ጉልበት እንዲያወጣ ሲገደድ ግን ኤሌክትሪኩ ባለበት ይረጋል፤ ስለዚህ አንዱ ጥምጥምና እርሱን የሚመግበው የኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ እንዲስማማ የሚቀይረው መሣሪያ) ክፍል ከሌሎቹ ተለይተው ይግላሉ። መኪናው ራሱን ለመከላከል ኃይሉን ሲቀንስ ደግሞ ዳገቱ ያሸንፈዋል፤ ፍሪሲዮን ሲቃጠል እንደሚሰጠው ያለ የሽታ ማስጠንቀቂያም አይኖርም። ባትሪውም ያለ ጥቅም ይባክናል። በፍሬን የቆመ መኪና ሞተር ግን አንዳች የሚባል ኃይል አይወስድም፤ የሚፈጀው ቢኖር ኤሲው፣ መብራቱና ስክሪኑ ነው። በመሆኑም ቻርጅ ለመቆጠብ ሲባል መብራት ላይ መኪናውን ማጥፋት ወይም ዜሮ ማርሽ ማስገባት ትርጉም የለውም።

ማርሹን ፒ (ማቆሚያው) ላይ ማድረግ ለረጅም ቆይታ፣ ለምሳሌ መንገድ ለእንግዳ አጀብ ሲዘጋ፣ ተገቢ ነው። ለተራ ቀይ መብራት ግን አልመክረውም። አንደኛ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ድንገት በእጁ ሲያሳልፍዎት እንደገና ፍሬን ረግጠው ማርሹን ወደ ዲ እስኪመልሱ ከኋላ ጡሩምባው ይበዛል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ መኪኖች ፒ ሲገባ የበሮቻቸውን ቁልፍ በራሳቸው ይከፍታሉ፤ ስልክና ቦርሳ በሚነጠቅበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ይህ ማንም የማይፈልገው ነገር ስለሆነ፣ ቅንብሩ የሚጠፋ ከሆነ ያጥፉት።

በአንድ ፔዳል የሚነዱ መኪኖች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. እንደወጣው የኒሳን ሊፍ ያሉት፣ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ፍጥነታቸውን ቀንሰው እስከ መጨረሻው ይቆማሉ፤ ዳገት ላይም ፍሬን ይዘው ይጠብቃሉ። ሌሎች ግን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ እንጂ መጨረሻ ላይ ይንፏቀቃሉ፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ቀደም ሲል በተገለጸው ፈተና ይለዩ። በተጨማሪም ባትሪው ሞልቶ ሳለ ብዙ መኪኖች ኃይል መልሶ መሰብሰብን (ሞተሩ መኪናውን እያዘገየ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመልስበትን) ስለሚቀንሱ፣ በአንድ ፔዳል የመቆም ኃይላቸው ይዳከማል። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው፣ ትናንት ማታ ባቆመው መጠን መኪናው ዛሬ ላይቆምለት ስለሚችል፣ እግሩን ፍሬን ላይ አዘጋጅቶ ይውረድ።

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ግራና ቀኝ አይተው የነዳጅ መስጫውን በስሱ ይርገጡ፤ አውቶ ሆልድ በራሱ ይለቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ከመነሻው ስለሆነ ጠንከር ያለ ርግጫ መኪናውን ያስፈተልከዋል። ሰልፉ በየሜትሩ እየቆመ በሚንፏቀቅበት ሰዓት፣ እንዲሁም ጠባብ ቦታ ላይ ሲያቆሙ፣ አውቶ ሆልድ መኪናውን እየያዘ ስለሚያስቸግር አጥፍተው በእግር ፍሬን መሥራት ይቀላል። ሲጨርሱ መልሰው ያብሩት። አንዳንድ መኪኖች መኪናው በጠፋ ቁጥር አውቶ ሆልድንም አብረው ስለሚያጠፉት፣ ጠዋት ከግቢ ሳይወጡ እየሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ መኪናውን ለሌላ ሰው ሲያውሱም ይህንኑ ይንገሩት።