የባሕር አረምና የሆድ ትል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የአረንጓዴ እንክብል ብልቃጥ ማየት ብርቅ አይደለም። «ከባሕር አረም የተሠራ ነው፣ ትል ይገድላል» የሚልም አይጠፋም። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም። አንዳንድ የባሕር አረሞች ጥገኛ ተውሳክን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አላቸው። ጥፋቱ ያለው ከዚህ ተነስተን በምንዘልቀው መንገድ ላይ ነው።

ላብራቶሪ ሳህን ላይ የሞተ ተውሳክ ሰው ውስጥም ይሞታል ብሎ መቁጠር

ላውረንሺያ ከሚባለው ቀይ የባሕር አረም የሚገኘው ኤላቶል፣ በላብራቶሪ የሌሽማኒያ ተውሳክን ገድሏል። ሌሽማኒያ ቁንጭርንና ካላዛርን የሚያመጣው ነው። ደስ ይላል። ግን በረኪናም ይገድለዋል! ይህ ተውሳክ ሰው ውስጥ ሲገባ የሚደበቀው ሊከላከሉልን በተፈጠሩት ሴሎች ሆድ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ እዚያ ድረስ ገብቶ ተውሳኩን መግደል፣ ሴሉን ደግሞ መተው አለበት። ስለዚህ «ገደለ» ሲሉዎት «በምን ያህል መጠን? የሰውን ሴል የሚጎዳውስ ስንት ሲሆን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

«ከተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?»

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። ኮሶ የሚጠጣ አገር ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? ኮሶ የዛፍ አበባ ነው፤ ትሉን ያስወጣል፣ ሰውየውንም አንጀቱ እስኪገለበጥ ያስመልሰዋል። መጠኑ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳም ይታወቃል።

ጃፓኖችም የራሳቸው ኮሶ ነበራቸው። ዲጄኒያ የሚባል ቀይ የባሕር አረም ቀቅለው ለወስፋት ይጠጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ከውስጡ ካይኒክ አሲድ ተለይቶ ወጣ። የትሉን ነርቭ ያውካል፤ ትሉም መያዣ አጥቶ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ያው ንጥረ ነገር ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ አይጥ ላይ የሚጥል በሽታ ለማስነሳት ያገለግላል፤ መድኃኒት ፍለጋ ለሚያጠኑ ማለት ነው። ዘመዱ ዶሞይክ አሲድም የተገኘው ጃፓን ውስጥ ለትል ከሚጠጣ ሌላ የባሕር አረም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ካናዳ ውስጥ ይኸው አሲድ በባሕር ምግብ ገብቶ ከ100 በላይ ሰዎችን መረዘ። የሞቱ ነበሩ፤ የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡም ነበሩ። እዚያ የመጣው ግን ከባሕር አረም ሳይሆን ዛጎል ለባሾች ከሚመገቧት በዓይን ከማትታይ አልጌ ነው።

ተውሳክን ሁሉ «ትል» ማለት

ወስፋት ትል ነው። ጃርዲያና አሜባ ባለ አንድ ሴል ናቸው። ለአንዱ የሠራ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። እንዶድን ያስታውሱ፦ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩት እንዶድ የሚገድለው ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንጂ ሰው ውስጥ ያለውን ትል አይደለም። እንዶድ ጠጥቶ ከብልሃርዝያ የዳነ የለም።

ስፒሩሊናን የባሕር አረም ብሎ መግዛት

አይደለም። በእንክብል የሚሸጠው ስፒሩሊና ባክቴሪያ ነው፤ በጨዋማ ሶዳ ሐይቅ ይበቅላል። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ይታወቅበታል። ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

አዮዲኑን መርሳት

አንዳንድ የባሕር አረም፣ በተለይ ቡናማው፣ አዮዲን ያጭቃል። እንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር ካለብዎ፣ ወይም እርጉዝ ከሆኑ፣ ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩት።

ሳይመረመሩ መዋጥ

ቁርጥ ሥጋ የሚወዱ ከሆነና ሰገራዎ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ካዩ የኮሶ ትል ሊሆን ይችላል። ለእሱ ፕራዚኳንቴል አለ፤ ሐኪም ያዝዝልዎታል። ቁራጩን አይጣሉት፤ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው ላብራቶሪ ይውሰዱት። ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ ናሙናውን ትኩስ እያለ ያድርሱ። አሜባ የምትለየው በማይክሮስኮፕ ስር ስትንቀሳቀስ ነው፤ ናሙናው ከቆየ ትሞታለች። ጃርዲያ በአንድ ምርመራ ሊያመልጥ ስለሚችል «ነገም ይዘው ይምጡ» ካሉዎት አይሰልቹ።