ከዳንስ ቢት ወደ ሶል አልበም፦ ጎንደር ላይ አብረው ለሚሠሩ ድምፃዊትና አቀናባሪ

ሃውስና ቴክኖ (የክለብ ዳንስ ሙዚቃ) ሲሠራ የኖረ አቀናባሪ ከድምፃዊት ጋር የሶል (ከጥቁር አሜሪካውያን የመጣ፣ ድምፅ የሚመራው ሙዚቃ) አልበም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ያለቀለት ቢት (የምትና የመሣሪያ ቅንብር) ይልክና «በዚህ ላይ ዝፈኚ» ይላል። ሥራው የሚበላሸው ከዚያው ነው። በዳንስ ሙዚቃ ድምፅ ገባ ወጣ የሚል አንድ መሣሪያ ነው። በሶል ግን ከበሮውም ቤዙም ኪቦርዱም የዘፋኟን ትንፋሽ ተከትለው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ ድምፁ ይቅደም፣ ቢቱ ይከተል።

ሶል ለአማርኛ ዘፈን ባዕድ አይደለም። ጥላሁን ገሠሠ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ማህሙድ አህመድ ከጥሩንባና ከሳክስፎን ጋር የዘፈኑትን የሰማ፣ ጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ አንዲትን ቃል እንዴት እንደምታስረዝም ልብ ያለ፣ መንገዱ የተጠረገ መሆኑን ያውቃል። የሚቸግረው የክለብ ልማድን መተው ነው።

ጊዜውን መምረጥ

ጎንደር ላይ ለድምፅ ቀረጻ ምርጡ ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ቀረጻ አያስቀጥልም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዓቢይ ጾም ያለው ደግሞ የሠርግ ወቅት ስለሆነ ድምፃዊውም አዝማሪውም ሌሊቱን ሲዘፍን ያድርና ቀን የሚተርፈው የሻከረ ጉሮሮ ነው። በዓቢይ ጾም ብዙዎች ዘፈን አይዘፍኑም፤ ያንን ጊዜ ለቅንብርና ለሚክስ (የተቀረጹትን ድምፆች ለማመጣጠን) አቆዩት።

በቀን ውስጥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያለው ይሻላል። ድምፅ ከእንቅልፍ ተላቋል፣ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ጸጥ ብሏል፣ የከሰዓቱ ግርግርም አልጀመረም። በአንድ ቀን ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ቅረጹ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀዳው በማግስቱ ሲሰማ ይጣላል።

ጥሬ ቅጂ

ድምፃዊቷ ከአንድ ክራር ወይም ከአንድ ኪቦርድ ጋር፣ ያለ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ)፣ ዘፈኑን ሙሉውን ሦስት ጊዜ ትዝፈነው። ስልክ ይበቃል። ከሦስቱ የተሻለውን ወስዳችሁ የአዝማቹን ፍጥነት ለኩ። የመግቢያውን ስንኝ አትለኩ፤ ሰው ሲጀምር ይዘገያል፣ ሲሞቀው ይፈጥናል። አብዛኛው ቁጥር በደቂቃ ከ66 እስከ 92 ምት መካከል ይወድቃል። በስንኙና በአዝማቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ4 ምት ካነሰ አንድ ቋሚ ፍጥነት ስጡት። ከበለጠ ግን ሶፍትዌሩ ላይ ፍጥነቱ ከክፍል ክፍል እንዲቀየር አድርጉ እንጂ ዘፋኟን አትጎትቱ። በዳንስ ሙዚቃ በደቂቃ 124 ምት የለመደ እጅ ለሁለት ከፍሎ 62 ማድረግ ይቀናዋል፤ በ62 ግን ረዘም ያለ የአማርኛ ስንኝ መሃሉ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ቁልፉም (ዘፈኑ የሚያርፍበት መነሻ ኖታ) የሚመረጠው ከድምፁ ተነስቶ ነው። የዳንስ አቀናባሪ ኤፍ ወይም ጂ የሚወደው ቤዙ 44 እና 49 ሄርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) ላይ ስለሚያርፍና የክለቡን ስፒከር ስለሚያናውጥ ነው። እናንተ የአዝማቹን ከፍተኛ ኖታ ፈልጉና ሳትጮኽ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የምትደርስበትን ቁልፍ ያዙ። ሲ ላይ ከወደቀ ቤዙን 33 ሄርዝ አካባቢ አትቅበሩት፤ ስልክና ታክሲ ውስጥ ጭራሽ አይሰማም። 65ቱ ላይ አስቀምጡት።

ቅኝትና ኮርድ

የሶል ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) በ7ኛና በ9ኛ ድምፅ የተሞሉ ናቸው። ቅኝቶቻችን ደግሞ አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው ባዶ ቦታውን በኮርድ እንሙላ ሲባል ቅኝቱ ይጠፋል። ትዝታ ማይነርን በሲ ውሰዱ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ኤ ፍላት ሜጀር 7 አራቱም ድምፁ ከቅኝቱ ውስጥ ነው፣ ሳትፈሩ ተጠቀሙበት። ኤፍ ማይነር 9 ከቅኝቱ የሚወጣው በኤፍ ብቻ ነው፤ ኤፉ ቤዝ ላይ ስለሚቀመጥ ዜማውን አይገፋም። ችግሩ የሚመጣው ወደ ሲ ለመመለስ ጂ 7 ሲገባ ነው። ውስጡ ያለው ቢ ናቹራል ዘፋኟ ከያዘችው ሲ ጋር በግማሽ ድምፅ ይፋጫል፣ ትዝታውም የፈረንጅ ማይነር ይሆናል። በምትኩ ጂ፣ ሲ፣ ዲ ያለውን ጂ ሰስ 4 ምቱ፤ ሦስቱም ከቅኝቱ ናቸው።

ባቲ ማይነር ለሶል በጣም ይመቻል፤ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ከብሉዝ ጋር ቅርብ ዘመድ ነው። አንቺ ሆዬን ግን በኮርድ አታጨናንቁት። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ላይ ኮርድ በተደራረበ ቁጥር ጆሮ ማረፊያ ያጣል። አንድ ሲ ቤዝ ላይ ያዙና ቀሪውን ለድምፁ ተዉለት። ከአልበሙ ሁሉ ደፋሩ ዘፈን ከዚህ ሊወጣ ይችላል።

ክፍሉና ማይኩ

ፒያሳ ያሉት ከፍ ያለ ጣሪያና የሲሚንቶ ግድግዳ ያላቸው ክፍሎች ያምራሉ፣ ግን ያስተጋባሉ። ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት፣ ኮርኒስ እስካለው ድረስ፣ ይበልጣል። አራት ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አዘጋጁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብርድ ልብሱን ማይኩ ኋላ በመስቀል ነው። ካርዲዮይድ ማይክ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ስለሆነ መሸፈን ያለበት ከዘፋኟ ጀርባና ከሁለቱ ጎኖቿ ነው። አራተኛው ከላይ ይዘርጋ። ጋቢ የታችኛውን ጉምጉምታ እንደማይውጥ እወቁ፤ ከክፍሉ ጥግ ራቁ።

የማይኩ ርቀት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የትንፋሽ መከላከያውም መሃል ላይ ይቁም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ሄርዝ ቅረጹ፤ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ጌይኑን (ማይኩ ድምፅ የሚቀበልበትን ከፍታ) የምታስተካክሉት ስንኙን እያሰማች ሳይሆን የአዝማቹን ጣራ እየዘፈነች ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ከ-10 ዲሲቤል አይለፍ። በፍተሻ ጊዜ የተቆጠበው ጉልበት በቀረጻው ይወጣልና ትንሽ ቦታ ትርፍ ይኑር።

ከስር «ኡም» የሚል የ50 ሄርዝ ድምፅ ከሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅረጹ። ከጠፋ ችግሩ የመሬት መስመር ነው። መብራት እንደሚጠፋ ታሳቢ አድርጋችሁ ሶፍትዌሩ በየሁለት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አዙት፤ ማታ ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ አንዱ ሌላ ቤት ይደር።

ማሲንቆ የምታስገቡ ከሆነ ድምፁን ፕሮጀክቱ ላይ ካለው ኪቦርድ ጋር በግድ አታስተካክሉ። አዝማሪው ከዘፋኟ ድምፅ ጋር ይቃኝ፣ ያንን ለኩና ኪቦርዱን በጥቂት ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት። ማይኩን ከቆዳው 30 ሳንቲ ሜትር አርቁና ወደ ደጋኑ ትንሽ አዘንብሉት። ቆዳው እርጥበት ሲነካው ስለሚላላ ቅኝቱን በየቅጂው ፈትሹ። ማሲንቆውና ዘፋኟ ከተቻለ አንድ ላይ ይቀረጹ፤ ጥያቄና መልሱ ተለያይተው ሲቀረጹ ይደርቃል።

የአማርኛ ድምፆች ማይክ ላይ

በ፣ ፐ እና ፈ ንፋስ ስለሚያወጡ የትንፋሽ መከላከያው ይይዛቸዋል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ ግን ንፋስ ሳይሆን ሹል ጥይት ናቸው፣ መከላከያው አያግዳቸውም። ኮምፕረሰሩን (የጎላውን ድምፅ የሚጫነውን መሣሪያ) በ1 ሚሊ ሰከንድ የምትጀምሩት ከሆነ «ጠ»ን ሲይዝ ከኋላዋ የሚመጣውን አናባቢ አብሮ ይጫነዋል፣ ቃሉም የተዋጠ ይመስላል። አታኩን (መጫን የሚጀምርበትን ጊዜ) ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ፣ ሬሾውን (የመጫኑን ልክ) 3 ለ 1 አድርጉ፤ ቅነሳው ከ3 እስከ 5 ዲሲቤል ይበቃል። የቀሩትን ሹሎች በእጅ እየመረጣችሁ ከ2 እስከ 4 ዲሲቤል ዝቅ አድርጉ። አሰልቺ ነው፣ ግን ግጥሙ የሚሰማው በዚህ ነው። ሰ የሚፋጨው በሴት ድምፅ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ሸ ከዚያ ዝቅ ይላል።

ሌላው ጥንቃቄ መጥበቅና መላላት ነው። አቀናባሪው ድምፁን ቆራርጦ ምት ላይ ሲያሰልፍ የጠበቀው ፊደል ይላላና «እሱ አለ» የሚለው መኖሩን ሳይሆን መናገሩን ይነግራል። ስለዚህ ድምፅን ፊደል በፊደል አታሰልፉ። ከሙሉ ስንኙ በጣም ያፈነገጠ ካለ ሐረጉን እንዳለ አንቀሳቅሱት። አውቶቲዩኑንም (የወጣ ኖታ የሚያርመውን ሶፍትዌር) ልክ እንዲሁ፤ የማረሚያ ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ሲሆን ማርገብገቧን ወደ ደረጃ ይቆራርጠዋል። ካስፈለገ የወደቀችውን አንዲት ኖታ ብቻ በእጅ አንሱ።

ቢቱ

አሁን ነው ቢቱ የሚሠራው። በየምቱ የሚመታውን ኪክ (ወፍራሙን ከበሮ) አንሱና በአንደኛውና በሦስተኛው ምት አስቀምጡ፣ ስኔሩ (ሹሉ ከበሮ) በሁለተኛውና በአራተኛው ይሁን። ስኔሩን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሰከንድ አዘግዩ፣ ሃይሃቱን (ጥንዱን የብረት ሳህን) ግን ቦታው ላይ ተዉት። ሁለቱም ከዘገዩ ዘፈኑ ይተኛል። ስዊንጉ (ከጥንድ ምት ሁለተኛው የሚዘገይበት ልክ) ከ54 እስከ 58 በመቶ ይብቃው። ከአልበሙ አንድ ሁለቱን በችክችካ ምት፣ በ6/8 ሞክሩ፤ የጎንደር ጆሮ ወዲያው ይገባዋል፣ ለቀስታ ሶልም ይመቻል። ከበሮ ከገባ ግን ከ60 እስከ 100 ሄርዝ ያለውን ቦታ ወይ ለከበሮው ወይ ለኪኩ ስጡ፤ ለሁለቱም አይበቃም።

ኪክ ሲመታ ሌላው ሁሉ ዝቅ የሚልበትን ሳይድቼይን የለመዳችሁ ከ8 ዲሲቤል ወደ 2 አውርዱት፣ ድምፁ ላይ ደግሞ ጭራሽ አታድርጉት። ቤዙ ሐረግ ይዞ ይጫወት፤ ዘፋኟ ስታርፍ ይናገር፣ ስትናገር ይረፍ። ለዲጄ የሚተወው የ32 ባር (ባር አራት ምት ነው) መግቢያም ይውጣ። ድምፅ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ይግባ፣ ዘፈኑም ከ3 ደቂቃ ተኩል እስከ 4 ተኩል ይለቅ።

ለአዝማቹ ሁለት ተቀባዮች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ይቅረጹ፣ ሁለቱን ግራ ሁለቱን ቀኝ አስቀምጡ። የቃሉን መጨረሻ «ት» ወይም «ስ» የምትለው መሪዋ ብቻ ትሁን፤ አምስት «ት» በተለያየ ሰዓት ሲወድቅ የፈሰሰ ጠጠር ይመስላል።

ስምምነቱ

ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጨርሱት። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ድምፃዊቷ በጥሬ ቅጂው ያንጎራጎረችው ዜማ የእሷ ነው፣ አቀናባሪው ኮርድ ስለሰጠው የዜማው ባለቤት አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ቅጂ አዘጋጁም መብት ይሰጣል፣ መብት ማስተላለፍም በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ገጽ በቂ ነው፦ የማን ግጥም፣ የማን ዜማ፣ የማን ቅንብር፣ ገቢው በመቶኛ፣ ፊርማ። የማሲንቆ ተጫዋቹም ስም ይግባ። የድሮ የሕዝብ ዜማ ከሆነ «የሕዝብ» ብላችሁ ጻፉ።

ሚክስና ማስተር

መጀመሪያ ድምፁንና ቤዙን ብቻ አመጣጥኑ፣ ቀሪውን ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ አስገቡ። የድምፁን ከ90 ሄርዝ በታች ቁረጡ። ከ120 ሄርዝ በታች ያለው ሁሉ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት) ይሁን። ሪቨርቡ (ሰው ሠራሹ ማስተጋባት) 1.5 ሰከንድ አካባቢ ሆኖ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይነሳ፤ ያለዚያ ግጥሙ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ማስተሩ (ለስርጭት የሚወጣው የመጨረሻ ቅጂ) ከ-11 እስከ -12 ሉፍስ (የጉልህነት መለኪያ)፣ ጫፉ -1 ዲሲቤል ይሁን። እንደ ክለብ ትራክ -7 ካደረጋችሁት የስርጭት መድረኮቹ መልሰው ዝቅ ያደርጉታል፣ የሚቀረው መጨፍለቁ ብቻ ነው። በስልክ ስፒከር አዳምጡ፣ ወደ አዘዞ በምትሄድ ባጃጅም ውስጥ። ሞተሩ እየጮኸ የስንኙ ቃል ካልተለየ ድምፁን 1 ዲሲቤል ከፍ አድርጉና ድገሙት።

ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዘፈን ሦስት ፋይል አውጡ፦ ሙሉው፣ ያለ ድምፅ፣ ድምፅ ብቻ። ሦስቱም ከመጀመሪያው ባር ይነሱ፣ ፍጥነቱና ቅኝቱም ስማቸው ላይ ይጻፍ። የክለቡ ቅጂ ከዚያ በኋላ ከሦስተኛው ፋይል ይሠራል።