የአሜሪካን ቅድመ ምርጫ በደብተር መከታተል

አራት ኪሎ ቡና የምንጠጣበት ጠረጴዛ ላይ የአሜሪካ ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲዎቹ ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን እጩ የሚመርጡበት ውድድር፣ ሲነሳ ሁሉም ዘመድ ይጠቅሳል፤ አንዱ ሜሪላንድ እህት አለችው፣ ሌላው ቨርጂኒያ ወንድም። «እገሌ በመላ አገሪቱ በ20 ነጥብ ይመራል» ይባልና ክርክሩ ይዘጋል። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁት እኔም በዚሁ ተሞኝቻለሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የቀድሞው የኒው ዮርክ ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒ የሪፐብሊካኖቹን አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ለወራት ሲመራ አይቼ አንድ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና አስያዝሁ። ሰውየው አንድም ግዛት ሳያሸንፍ በጥር 2008 ከውድድሩ ወጣ። ቡናውን ከፈልሁ፤ ደብተርም ገዛሁ።

አገር አቀፍ ጥናቱን ጣሉት አልልም፤ ግን የመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፉት። በአንድ ቀን የሚካሄድ አገር አቀፍ ቅድመ ምርጫ የለም፤ ግዛቶቹ በየተራ ነው የሚመርጡት። ጥናቱ በሰኔ የሚመርጠውንም ሰው ዛሬ ይጠይቃል፤ እስከዚያ ከእጩዎቹ ግማሾቹ በውድድሩ ላይ አይኖሩም። ስንት ሰው እንደተጠየቀም እዩ። 1,000 ሰው ቢጠየቅ የስህተት ልኩ፣ ማለትም ውጤቱ ወደላይ ወይም ወደታች ሊስት የሚችልበት መጠን፣ ወደ 3 ነጥብ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ የፓርቲው መራጮች 400 ብቻ ከሆኑ ግን ወደ 5 ይሰፋል።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ግዛት፣ ቀን፣ የልዑካን ብዛት፣ የአከፋፈል ደንብ። ልዑካን የሚባሉት በፓርቲው ጉባኤ ላይ እጩውን በድምፅ የሚመርጡት ተወካዮች ናቸው። አራተኛው ዓምድ ነው ዋናው። ዴሞክራቶች ልዑካንን በድምፅ ልክ ያካፍላሉ፤ ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። አንዱ 40፣ ሌላው 25፣ የቀሩት ሁሉ ከ15 በታች ቢያገኙ፣ 100 ልዑካን 62 ለ38 ይከፈላሉ። በ40 በመቶ ድምፅ 62! ሪፐብሊካኖች ደግሞ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ለአሸናፊው ጠቅልሎ መስጠትን ይፈቅዳሉ። በ2016 ትራምፕ ፍሎሪዳ ላይ ግማሽ እንኳ ድምፅ ሳያገኙ 99ኙንም ልዑካን ወስደዋል።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስሁ። ዴሞክራቶች አብዛኛውን ልዑክ የሚያከፋፍሉት በየምክር ቤት ወረዳው ነው። ሁለት እጩዎች ብቻ ቀርተዋል እንበል። አራት ልዑካን ባሉት ወረዳ 60 ለ40 ያሸነፈ ሰው ሁለት ለሁለት ይካፈላል፤ ሦስተኛውን ለማግኘት 62.5 በመቶ ያስፈልገዋል። ሦስት ልዑካን ባሉበት ግን በአንድ ድምፅ ብልጫም ሁለት ለአንድ ነው። ስለዚህ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ወረዳዎች በቀይ እስክሪብቶ አክብቡ። ተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ ሳወጣው ያጉረመርሙ ነበር።

የካቲት 5 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. የሆነውን ተመልከቱ። በዴሞክራቶቹ ፉክክር ሂላሪ ክሊንተን ትልቋን ኒው ጀርሲን በልዑካን ቁጥር 59 ለ48 አሸነፉ፤ ብልጫው 11። ኦባማ ትንሿን አይዳሆን 15 ለ3 ወሰዱ፤ ብልጫው 12። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ያሸነፈው ሰው ስም ሳይሆን ልዩነቱ ነው።

ልዕለ ልዑካን ስለሚባሉት የፓርቲ ሹማምንት ብዙ አትጨነቁ፤ ከ2020 ወዲህ ፉክክር ባለበት ጉባኤ በመጀመሪያው ዙር ድምፅ አይሰጡም።

ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን በሚመርጡበት በታላቁ ማክሰኞ ሌሊት ከእንቅልፋችሁ አትነሡ። የምሥራቆቹ ግዛቶች ድምፅ መስጫ ጣቢያዎች የሚዘጉት ለእኛ ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ካሊፎርኒያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። የካሊፎርኒያን ረድፍ ደግሞ በእርሳስ ሙሉት፤ በፖስታ የሚላከው ድምፅ ለሳምንታት ይቆጠራልና ላጲሱን አጠገባችሁ አድርጉ።