የወላጆችን ሕክምና ከባሕር ማዶ ሆኖ መከታተል፦ ለዳያስፖራው መመሪያ

ከአገር ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለአረጋውያን ወላጆቹ ሕክምና የሚያደርገው ድጋፍ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ በመላክ ብቻ የተወሰነ ነበር። ዛሬ የላቦራቶሪ ውጤት በደቂቃዎች ውስጥ ከጎንደር ዋሽንግተን ይደርሳል፣ ከሐኪም ጋር በቪዲዮ መመካከር ይቻላል፣ የመድኃኒት ዋጋም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር አማካይነት በአስታማሚው ስልክ ላይ ይገባል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ቴክኖሎጂው ፍሬ የሚሰጠው ሦስት ሰዎች ተናበው ሲሠሩ እንደሆነ አጥብቄ አምናለሁ፤ እነርሱም ወላጁን በየቀኑ የሚያይ አስታማሚ፣ የበሽታውን ታሪክ የሚያውቅ ቋሚ ሐኪም እና ውጭ ያለው ልጅ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስልኩ ወሬ ያበዛል እንጂ ሕመምተኛውን አይረዳም።

ስለዚህ መተግበሪያ ከመምረጥዎ በፊት ሰው ይምረጡ። ልጆች በተለያየ አገር ሲኖሩ አንዷ ከዱባይ፣ ሌላው ከሚኒያፖሊስ፣ ሦስተኛው ከአዲስ አበባ እየደወሉ ለእናታቸው የተለያየ ምክር ይሰጣሉ፤ እናትም ሁሉንም ላለማስቀየም «እሺ» ይላሉ፤ በመጨረሻ የትኛው መድኃኒት እየተወሰደ እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው እንዲሆን፣ ሌሎቹ በእርሱ በኩል እንዲጠይቁ፣ ወጪውም በምን መልክ እንደሚከፋፈል ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማማ። አስታማሚው ዘመድ ቢሆንም ለድካሙ የሚከፈለው ነገር በግልጽ ቢወሰን መልካም ነው፤ በይሉኝታ የታለፈ ጉዳይ ውሎ አድሮ ቅሬታ ያመጣል፣ ቅሬታው ደግሞ የሚያርፈው በታማሚው ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የታማሚው ፋይል ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የላቀ ጥቅም ያለው ሥራ ይህ ነው። በኢትዮጵያ አንዳንድ ሆስፒታሎች የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ጀምረዋል፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በበርካታ ቦታዎች የቤተሰብ መረጃን በታብሌት ይመዘግባሉ። ይሁን እንጂ ታማሚው ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ሲሄድ አዲስ ካርድ ያወጣል፤ የቀድሞው መዝገብ ባብዛኛው አይከተለውም። ያንን ክፍተት የሚሞላው ቤተሰቡ የሚይዘው ፋይል ነው። በፋይሉ ውስጥ የበሽታዎቹ ዝርዝር፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ የማይስማሙ መድኃኒቶች፣ የቀዶ ሕክምና ታሪክ፣ የምርመራ ውጤቶች በጊዜ ቅደም ተከተል እና የካርድ ቁጥሮች ይካተቱ። አንዱ ቅጂ በወረቀት ታማሚው ቤት ይቀመጥ፤ ሌላው በይለፍ ቃል ተዘግቶ በእርስዎ ዘንድ ይኑር።

ፋይሉን ሲያዘጋጁ በእኛ ልማድ ምክንያት የሚፈጠሩ ስሕተቶች አሉና በጥንቃቄ ይለዩአቸው። የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው፤ አንድ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ከተጻፈ ውጭ ያለው ሆስፒታል እንደ ሦስት ሰው ሊመዘግበው ስለሚችል፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 በተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ በሁሉም ሰነድ ላይ ይጠቀሙ። ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። «05/11/2016» ተብሎ የተጻፈ ውጤት በእኛ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ማለት ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 12 ቀን 2024 ነው፤ ይህን የማያውቅ የውጭ ሐኪም የስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት እንደተላከለት ይቆጥራል። ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ ልጅ በውጭው አቆጣጠር «በ8 ሰዓት ይዋጡ» ሲል እናት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይውጣሉ፣ በዚህም መድኃኒቱ በስድስት ሰዓት ይዛባል። «ጠዋት ከቁርስ በፊት»፣ «ማታ ከመኝታ በፊት» ማለት ይሻላል።

የመለኪያ አሃድም እንዲሁ ያሳስታል። በኢትዮጵያ የደም ስኳር በአብዛኛው የሚገለጸው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ አሜሪካም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝ፣ ስዊድንና ካናዳ ግን በሚሊሞል በሊትር ይጠቀማሉ። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ለመለወጥ ለ18 ማካፈል ነው፤ ስለዚህ 180 የተባለው ውጤት ለንደን ላለው ሐኪም 10 ነው። የኩላሊትን ሁኔታ የሚያመለክተው ክሬአቲኒን ደግሞ ከሚሊግራም በዴሲሊትር ወደ ማይክሮሞል በሊትር ሲለወጥ በ88.4 ይባዛል። ቁጥሩን ያለ አሃዱ በቃል ወይም በአጭር መልእክት ፈጽሞ አያስተላልፉ።

የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስልን በተመለከተ፣ ፊልሙን መስኮት ላይ ይዞ በስልክ ፎቶ ማንሳት የተለመደ ቢሆንም፣ ከእንዲህ ዓይነት ፎቶ አስተማማኝ አስተያየት መስጠት አይቻልም። አስታማሚው ከምርመራ ማዕከሉ ሳይወጣ ሙሉ ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ እንዲጠይቅ ያሳስቡት፤ በኋላ መጠየቅ አድካሚ ነው፣ አንዳንዴም ምስሉ ከማሽኑ ተሰርዞ ይገኛል። ካንሰር ተጠርጥሮ ናሙና ከተወሰደም የፓቶሎጂው (የናሙናው ምርመራ) ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ናሙናው በሰም የተቀመጠበት ብሎክ የት እንዳለ ይወቁ፣ ሁለተኛ አስተያየት ሲፈለግ የሚታየው እርሱ ነውና።

ሁለተኛ አስተያየት መፈለግ ነውር አይደለም፤ ግን መንገድ አለው። በርቀት መመካከር ለአገራችን ፍጹም አዲስ አይደለም፤ በሕንድ መንግሥት ድጋፍ የጥቁር አንበሳና የነቀምቴ ሆስፒታሎች ከሃይደራባድ ሐኪሞች ጋር በመገናኛ አውታር እንዲማከሩ የሚያስችል የሙከራ ሥራ ከ15 ዓመታት በፊትም ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. በሥነ አእምሮ ሕክምና የተጀመረው የቶሮንቶና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ደግሞ መምህራን በየተራ እየመጡ የአገሪቱን ሐኪሞች እንዲያሠለጥኑ አድርጓል። እኔ ከዚህ ሁለተኛው የምወስደው ትምህርት የውጭው ዕውቀት የአገር ቤቱን ሐኪም ሲያበረታ እንጂ ሲተካው እንደማይጸና ነው። በውጭ ያለ ሐኪም በኢትዮጵያ ፈቃድ ከሌለው መድኃኒት ሊያዝ አይችልም፤ ሕመምተኛውንም በእጁ አልዳሰሰም። ስለሆነም አስተያየቱ በጽሑፍ ለአካሚው ሐኪም ይድረስ፤ ቢቻል ሁለቱ በስልክ ይነጋገሩ። አካሚውን ሳያማክሩ መድኃኒት ማስቀየር፣ ወይም ከሰው ሠራሽ አስተውሎት የተገኘ መልስ ይዞ ሐኪሙን መሞገት፣ ለዓመታት የተገነባ መተማመንን ያፈርሳል። የቪዲዮ ቀጠሮ ሲይዙ የአካሚውን የሥራ ጫና ያስቡ፤ ከዋሽንግተን ጋር በክረምታቸው የስምንት፣ በበጋቸው የሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ለእርስዎ የሚመቸው ምሽት ለእርሱ ሌሊት ነው።

ለወላጆች የሚላክ መሣሪያ ብዙ ጊዜ በቅን ልቦና ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ነው። የስኳር መለኪያ ከመግዛትዎ በፊት ስትሪፑ (የደም ጠብታ የሚደረግበት ትንሽ ቁራጭ) በወላጆችዎ ከተማ መገኘቱን ያጣሩ፤ የአንዱ አምራች ስትሪፕ በሌላው መሣሪያ ላይ አይሠራም፣ ከውጭ የመጣው እሽግ ሲያልቅ መሣሪያው ከንቱ ይሆናል። የግፊት መለኪያ በክንድ ላይ የሚታሰረው አውቶማቲክ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ታማሚው ለአምስት ደቂቃ ያህል አርፎ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ ክንዱን በልብ ትይዩ አስቀምጦ ይለካ፤ ጥቂት ቆይቶ ይደገምና ሁለቱም ቁጥሮች ይመዝገቡ። የየዕለቱን ቁጥር ለውጥ እያዩ በየሰዓቱ መደወል ግን ወላጅን ያስጨንቃል፤ የሳምንቱን መዝገብ ለሐኪሙ ማሳየት ይበቃል።

መድኃኒትን በመንገደኛ እጅ መላክ የመጀመሪያ ምርጫ ባይሆን እመክራለሁ። በቀይ መስቀልና በከነማ መድኃኒት ቤቶች፣ እንዲሁም በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መጀመሪያ ይፈለግ፤ አምራቹ ያወጣለት የንግድ ስም ሳይሆን የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ መጠሪያ ይጠየቅ፣ ሌላ ማሸጊያ ያለው ያው መድኃኒት ሊገኝ ይችላልና። የግድ ከሆነ ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው ይላክ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት በሻንጣ ውስጥ ሲሞቅና ሲበርድ የሰነበተውን ማመን አይቻልም።

ወጪን በተመለከተ፣ ወላጆችዎ በገጠር የሚኖሩ ወይም በግል ሥራ የሚተዳደሩ ከሆነ በ2011 እ.ኤ.አ. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውና ዛሬ በሰፊው የተዳረሰው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ፤ ዓመታዊ መዋጮው በወቅቱ ይከፈል፣ መታወቂያው ይታደስ። መድኑ የሚያገለግለው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት ሲኬድ ነው፤ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። አባት ወይም እናት የጡረታና የባንክ ጉዳያቸውን ለአስታማሚው መስጠት ከፈለጉ፣ ራሳቸው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ዘንድ ቀርበው ውክልና ይስጡ፤ ይህንንም አእምሯቸው ጤነኛ ሳለ ያድርጉት። የእርስዎን የራስዎን ሒሳብ ለማንቀሳቀስ የሚሰጡት ውክልና ግን በሚኖሩበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይረጋገጣል፣ ከዚያም በአዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያልፋል።

ስለ ምስጢር ሳልናገር አላልፍም። የእናትን የምርመራ ወረቀት በቤተሰብ የቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ ፍቅርን የማሳያ መንገድ ይመስላል፤ ወረቀቱ ግን ከዚያ ወደ ዕድር፣ ከዕድር ወደ ሰፈር ይደርሳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ያስቀምጣል፤ ከሕጉም በላይ የታማሚው ክብር ይገደናል። ፈቃዳቸውን ይጠይቁ። ከባድ በሽታ ሲገኝም ለታማሚው ሳይነገር ልጆች ብቻ የሚያውቁበት ልማድ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፣ ሐኪሙም በዚህ መሠረት ይናገር።

ድንገተኛ ሕመምን በተመለከተ ዝግጅቱ አስቀድሞ ይጠናቀቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ሆኖም አምቡላንስ በማይደርስበት ቦታ የሚያደርስ ጎረቤት ወይም ባለ መኪና ስምና ስልክ በር ላይ ይለጠፍ። የግል ሆስፒታሎች ሲያስተኙ ብዙ ጊዜ ማስያዣ ስለሚጠይቁ፣ ሊበቃ የሚችል ገንዘብ አስታማሚው ብቻውን ሊያወጣው በሚችልበት ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ላይሠራ ስለሚችል ጥቂቱ በጥሬ ገንዘብ ቤት ይኑር። «አባትህ ታመዋል፣ ቶሎ ላክ» የሚል ጥሪ ከማይታወቅ ስልክ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ አስታማሚውን፣ ካልተገኘም ሁለተኛውን የተመደበ ሰው ደውለው ያረጋግጡ፤ ይህ ሁለተኛ ሰው ማን እንደሆነ፣ የወረቀቱ ፋይል በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለም ጭምር፣ ሁሉም የቤተሰቡ አባል ይወቅ።