የጀመሩትን ሳያቋርጡ መቀጠል፦ ራስን ከመግዛት ሌሎችን እስከ መምራት

አብዛኛው ሰው የጀመረውን የሚተወው ሰንፎ አይደለም። ልቡ ሞቅ ባለ ሰዓት የገባው ቃል ለደከመበት ቀን ስለሚከብደው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቃሉን ማሳጠር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ሁለት አይሆንም። መጠኑን በጣም በደከማችሁበት ቀን ልክ ስፉት። "በየቀኑ አንድ ሰዓት አነባለሁ" ያለ ሰው ራሱን ያመመው ቀን ምንም ሳያነብ ይተኛል። "ሁለት ገጽ" ያለው ግን ዐይኑ እየተከደነም ቢሆን ይጨርሳል። ደስ ሲላችሁ ሃያ ገጽ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ትርፉ ግን ለነገ አይቆጠርም።

ቀጥሎ ጊዜና ቦታ። "ጠዋት" ማለት አይበቃም። በየቀኑ ሳታስቡት የምታደርጉት ነገር ፈልጉና አዲሱን ከሱ ኋላ አስከትሉት፦ "ጥርሴን ቦርሼ ብሩሹን እንዳስቀመጥሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ።" መጽሐፉ ከምትቀመጡበት ቦታ አጠገብ ተገልጦ ይደር፤ ስልኩ ሌላ ክፍል። የስልክ ማስታወሻ ደወል ላይ ብዙ እምነት የለኝም፤ ሳምንት ሳይሞላው ጣት ሳያስብ ያጠፋዋል። ያነበባችሁበትን ቀን ምልክት ለማድረግ አፕሊኬሽንም አያስፈልግም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያና አንድ እስክሪብቶ ይበልጣል፤ ሳይከፍቱት ይታያልና።

አስቸጋሪው የዘለላችሁት ቀን ነው። መዝለላችሁ አይቀርም። ጉዳቱ ያለው ደግሞ በዕለቱ ሳይሆን በማግስቱ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለት ስህተት ይፈጸማል።

አንደኛው ማካካስ ነው። ትናንት የቀሩትን ሁለት ገጾች ዛሬ ላይ ደርቦ አራት ማድረግ። አራቱ ሲከብዱ ዛሬም ይዘለላል፣ ነገ ስድስት ይሆናል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ልማዱ ዕዳ ሆኖ ቁጭ ይላል። ያለፈው አይከፈልም፤ ዛሬም ያው ሁለት ገጽ ነው። ሁለተኛው "በቃ ተበላሽቷል፣ ሰኞ እንደገና እጀምራለሁ" ማለት ነው። ሰኞ እስኪደርስ አምስት ባዶ ቀን ያልፋል።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር። አንድ ድርጊት ሳያስቡት የሚሠራ ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ተሰላ። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ያን ያህል አላሰናከለውም። በየቦታው የሚነገረውን "ልማድ በ21 ቀን ይያዛል" ተማምኖ የጀመረ ሰው በ22ኛው ቀን አሁንም ሲከብደው ችግሩ ከራሱ ይመስለዋል፤ ገና ሩቡን መንገድ ላይሄድ ይችላል።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ አንድ ቀን ሊዘለል ይችላል፣ ሁለት ተከታታይ ቀን ግን አይዘለልም። በማግስቱ አቅም ከጠፋ መጠኑ ወደ አንድ አንቀጽ ይውረድ እንጂ ባዶ አይሁን። ከአራት ሳምንት በኋላ ምልክቶቹን ቁጠሩ። ከ28ቱ 20 ካልሞሉ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። በግማሹም ካልሞላ የተያያዘበት ሰዓት አልተስማማውም ማለት ነው፤ ሌላ ድርጊት ኋላ አዙሩት።

ሰው የምትመሩ ከሆነ፣ ቤተሰብም ይሁን የሥራ ቡድን፣ አሠራሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ መዝለላችሁን ሌላ ሰው ማየቱ ነው። ስብሰባው 3 ሰዓት ተብሎ መሪው 3:10 ከገባ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሰዎች 3:10 ይመጣሉ፤ ወር ሳይሞላ ትክክለኛው ሰዓት 3:10 ይሆናል። ቁጣ አይመልሰውም። በ3 ሰዓት ሁለት ሰው ብቻ ቢኖርም ጀምሩ፤ ለዘገየው ሰው ከመጀመሪያው አትድገሙለት። የዘገያችሁት እናንተ ከሆናችሁ "ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ" በሉና ወደ ሥራው ግቡ፤ የመንገዱን ሰበብ መዘርዘር ሌላውም ሰበብ ይዞ እንዲመጣ ያስተምረዋል።

ቃል ስትገቡም እንደዚያው አሳጥሩት። "እመለከተዋለሁ" ቀን የለውም። "ሐሙስ እስከ 9 ሰዓት መልስ እሰጥሃለሁ" በሉ። ሐሙስ መልሱ ካልተገኘ 9 ሰዓት ሳይሞላ ደውላችሁ አልደረሰም በሉና አዲስ ቀን ቁረጡ፤ ሰውየው ሳይጠይቃችሁ።

ሁለት ወር ሲሞላ አንድ ስብሰባ ቅሩና ሌላ ሰው ይምራው። ያለ እናንተም በ3 ሰዓት ከተጀመረ ሰዓቱን ሁሉም የራሱ አድርጎታል። ካልተጀመረ አራት ሳምንት ጨምሩ።