ሸሚዙ ደረት ላይ ሲወጠር፣ ቦርሳው ማንገቻው ጋ ሲቀደድ

ስፌት ሲበላሽ ዓይናችን የሚያርፈው ችግሩ የታየበት ቦታ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከጨርቁ ሥር የሚጠቀለለውን ክር ውሰዱ። ስናየው ሁላችንም ቦቢኑን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ) እንነካካለን። የላላው ግን የላይኛው ክር ነው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ወደ ታች እንዳለ ክር ካስገባችሁ፣ ክሩ ማወጠሪያው መሃል አይገባም። እግሩን አንሱና ከላይ ጀምራችሁ እንደገና አስገቡት። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ያበቃል።

ትከሻው ልክ ነው፣ ደረቱ ግን ይወጠራል

ቁልፎቹ መሃል ይከፈታል። የፊቱ ጫፍም ከኋላው አጥሮ ወደ ላይ ይሰቀላል። ብዙ ሰው ወዲያው ጎኑን ፈትቶ ያሰፋል። እባካችሁ ቆዩ። ጎኑን ብቻ ማስፋት የክንድ ማስገቢያውን ቅርጽ ያበላሻል፤ ያጠረው ፊትም እንዳጠረ ይቀራል።

መጀመሪያ መጨማደዱን አንብቡ። አግድም የተወጠረ መስመር ልብሱ ጠቧል ማለት ነው። ቁልቁል የተንጠለጠለ እጥፋት ሰፍቷል ማለት ነው። እንደ መቀነት አግድም የተኛ ልል እጥፋት ደግሞ ርዝመት ተርፏል ይላችኋል።

ማስተካከያው ወረቀት ላይ ነው። የፊቱን ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ) ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጡና የደረቱን ጫፍ በነጥብ ምልክት አድርጉ። ከታችኛው ጠርዝ እስከ ነጥቡ፣ ከነጥቡ ወደ ክንድ ማስገቢያው አስምሩና ቁረጡ። መጨረሻው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሳትቆርጡ ተዉ፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ ይታጠፋል። ከጎን በኩልም ወደ ነጥቡ ቁረጡ፤ እዚህም ነጥቡ ጋ ትንሽ ሳትቆርጡ ተዉ። አሁን ደረቱ ጋ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፈቱ። ፓተርኑ የፊቱ ግማሽ ስለሆነ ልብሱ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ጎን ላይ የተከፈተው ክፍተት ፔንስ (ለደረቱ ቅርጽ የሚሰጥ ሾጣጣ እጥፋት) ሆኖ ይሰፋል። የጎኑ ክፍል ወደ ታች ስለወረደ መሃሉ አጥሮ ታዩታላችሁ። እዚያ ወረቀት ቀጥሉ። ጠፍቶ የነበረው የፊት ርዝመት ይሄ ነው!

የሱሪው እግር ይጠማዘዛል

ፓተርኑ ከድሩ (ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ ከሚሄደው ክር) ጋር ሳይስተካከል ተቆርጧል። ከተቆረጠ በኋላ መድኃኒት የለውም። በሚቀጥለው ጊዜ ፓተርኑ ላይ የድሩን አቅጣጫ ከሚያሳየው ቀስት ሁለት ጫፎች እስከ ጨርቁ ዳር ለኩ። ልኩ እኩል ይሁን።

የቦርሳው ማንገቻ ተነቀለ

የተነቀለበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክሩ ደህና ነው፤ የተቀደደው ጨርቁ ነው። አንድ መስመር ላይ ደጋግመን ስንሰፋ መርፌው ጨርቁን ይበሳሳዋል፣ ክብደቱም በዚያው መስመር ይቀደዋል። ማንገቻውን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች አስረዝሙት። አራት ማዕዘን ስፉና መሃሉን በኤክስ አቋርጡት። ከኋላ ጠንካራ ቁራጭ ጨርቅ ደግፉበት። የስፌቱ ርምጃ 3 ሚሊ ሜትር፣ መርፌው 100 ቁጥር ይሁን። በቀጭን መርፌ ወፍራም ድርብርብ ስትሰፉ ማሽኑ ስፌት ይዘላል።

የቦርሳው ታች ተጣሞ ይቆማል

10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ታች ከፈለጋችሁ፣ ከእያንዳንዱ የታች ማዕዘን 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ትቆርጣላችሁ። ይሄ የሚሠራው ታቹ ስፌት ካለው ነው። ጨርቁ ታች ላይ የታጠፈ ከሆነ እዚያ የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ መስመር ውጪ የሚቀረው ጨርቅ) የለም። ስለዚህ የስፌት ትርፋችሁ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከጎን 5፣ ከእጥፋቱ ግን 4 ብቻ ቁረጡ። ብዙ ቦርሳ የሚጣመመው በዚህች 1 ሴንቲ ሜትር ነው።

ገበሩ ውስጥ ይቆለላል

ከውጪው ጋር እኩል ስለሆነ ነው። ውጪውን በ1 ሴንቲ ሜትር ከሰፋችሁ፣ የገበሩን ጎንና ታች በ1.3 ስፉ። ወደ አፉ ስትደርሱ ቀስ ብላችሁ ወደ 1 ተመለሱ፤ አለዚያ ሁለቱ አፎች አይገጥሙም።