የዳሌ መገጣጠሚያን በትንሽ ቀዳዳ ለማከም ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ሕመሙን ከሌላ ቦታ መፈለግ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲታመም ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በብሽሽት በኩል የሚሰማ ሲሆን፣ ጭንን አልፎ ጉልበት ላይ ብቻ የሚያርፍበትም ጊዜ አለ፤ ስለዚህ የጉልበቱ ራጅ ደኅና ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቀ ዳሌም እንዲታይ መጠየቅ ይገባል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ እግርን በኃይል ማስጎተት ደግሞ፣ የተሰነጠቀ አጥንት ካለ ከቦታው ሊያፈናቅለው ይችላል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን አርትሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ መገጣጠሚያን ማከም፣ የማይፈታው የዳሌ ችግር የለም ብሎ ማሰብ ነው። ሐኪሙ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች አስገብቶ፣ በመገጣጠሚያው ጉድጓድ ጠርዝ ዙሪያ ያለውን የተቀደደ ልም አጥንት ይሰፋል፣ እንቅስቃሴን የሚያግድ ትርፍ አጥንት ይሞርዳል፣ ተሰብሮ የሚንከራተት ቁራጭ ያወጣል። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት አልቆ በመካከላቸው በራጅ ላይ የሚታየው ክፍተት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ግን ውጤቱ አያስተማምንም፤ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ዞሮ ዞሮ ወደ መገጣጠሚያ ቅየራ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ይህ ቅየራ ዛሬ በአጭር ቁስልም ቢሠራ፣ አጥንት ተቆርጦ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚተከልበት ከባድ ቀዶ ሕክምና መሆኑ አይቀርም።

ሐኪምን በቁስሉ ማጠር መምረጥም ያሳስታል። አጭር ቁስል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመምን ሊቀንስ ይችላል፤ ከወራት በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ለተተከለው መገጣጠሚያ ዕድሜ የሚበጀው በትክክለኛ ቦታውና አቅጣጫው መቀመጡ ስለሆነ፣ ሐኪሙ በመሐል ቁስሉን ቢያሰፋው ብልኅነት እንጂ ድክመት አይደለም።

የሚወስዱትን መድኃኒት መደበቅ አይገባም፤ በተለይ ደም የሚያቀጥን ከሆነ። አረቄ ያዘወተረ ሰውም አፍሮ ዝም ማለት የለበትም፤ ለረጅም ዘመን ብዙ መጠጣት የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ እንዲሞት ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነውና።

የመጨረሻው፣ በጎጃም ኑሮ ውስጥ በቀላሉ የሚፈጸመው ስህተት፣ ቁስሉ ስለደረቀ ብቻ ወደ ቀድሞ ሥራ መመለስ ነው። የተሰፋው ልም አጥንት ለሳምንታት በክራንች መደገፍን ይፈልጋል። በኋላ በኩል ተከፍቶ መገጣጠሚያው የተቀየረለት ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ ይነገረዋል፤ ይህም ማለት ዝቅ ያለ በርጩማ፣ ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ቤትና ጎንበስ ብሎ ማጨድ ይቀራሉ ማለት ነው። በሰሙነ ሕማማት ስለሚሆነው ስግደት ከንስሐ አባት ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር፣ ለቤትም ከፍ ያለ ወንበር ማዘጋጀት ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለስ ሕመምተኛ በእግሩ ውስጥ ደም እንዳይረጋ በመኪና ውስጥ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ፣ መንገድ ላይም ወርዶ ይራመድ፤ ባቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው እስከ ቀጠሮው ቀን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።